የመዝናኛ ክፍሉ ቁልፍ

ቢሾፍቱ ላይ በገንዘባቸውም በቀልዳቸውም የሚኮሩ አቶ ድልነሳው የሚባሉ ባለሆቴል ነበሩ። አንድ ቀን ድግስ የሚያቅድ፣ ዘፈን የሚመርጥ፣ እንግዳ በየወንበሩ የሚደለድል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽን አስገቡና የመዝናኛ ክፍል ኃላፊዋን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቆሟት።

«ይኸው፣ ያንቺን ሥራ ሳይነጫነጭ ይሠራል። እሱ የማይችለው አንድ ነገር ካለሽ ተናገሪ፤ ከሌለሽ ቁልፉን አስረክቢና ሂጂ» አሏት።

ሴትዮዋ ስምንት ዓመት ሙሉ በየድግሱ መድረክ ሥር ቆማ ያንኑ የአህያ ቀልዳቸውን ስትሰማ ኖራለች። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ሁሉን ይችላል። ብቻ የአህያዋን ቀልድ ሲጨርሱ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ይፈልጉ፤ እንግዶቹ ማለቁን የሚያውቁት በእኔ ሳቅ ነበር» አለቻቸው።