ወንዙን የተከተሉት ሰዎች ስንቅ

አንድ ንጉሥ በግዛቱ መሃል የሚያልፍ ትልቅ ወንዝ ነበረው። ወንዙ ከተራራ ተነስቶ እርሻውን ሁሉ ካጠጣ በኋላ ወደ በረሃው ወርዶ ይጠፋል። የት እንደሚገባ ያየ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ባሕር ይገባል ይላል፤ አንዳንዱ መሬት ትውጠዋለች ይላል። ነገሩ ንጉሡን እረፍት ነሳው። በመጨረሻ ባሻ ጓንጉል የሚባል፣ ብዙ አገር የዞረ ሰው አስጠራና «ወንዙን ተከተለው። የሚያልቅበትን ቦታ በዓይንህ አይተህ ንገረኝ» አለው።

ባሻ ጓንጉል ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ትእዛዝ ነበር። ከቤተ መንግሥት ሲወጣ የሚሄድ ሳይሆን የሚሮጥ ይመስል ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዐሥር ሰዎች መረጠ። ከእነሱ መካከል አለቃ ንዋይ የወንዙን መንገድ በብራና ላይ እንዲስል የተመረጠ ጸሐፊ ነው። ይርዳው ከሁሉም ከባዱን ሸክም የሚሸከም ጉልበተኛ ነው። ትርንጎ ደግሞ የስንቁ ኀላፊ ናት፤ በሰልፍና በዘመቻ ስንት ሠራዊት ያበላች፣ ቀጥ ያለ አንደበት ያላት ሴት።

ትርንጎ ስንቁን ለማዘጋጀት አንድ ወር ፈጀባት። ገብስ ቆልታ አስፈጭታ በሶ አደረገች። የበሶውን ግማሽ በተነጠረ ቅቤ አሽታ ጭኮ ሠራች፤ ጭኮ ለወራት አይበላሽም፣ ከእሱም ትንሹ ብዙ ያስኬዳል። የበሬ ሥጋ ዘልዝላ ቋንጣ አደረቀች። ሁሉንም በአምስት ትልልቅ ስልቻዎች ሞልታ፣ አፋቸውን በጠፍር አስራ በአህዮች ላይ አስጫነች።

«ለአንድ ሰው በቀን አንድ ዋንጫ በሶ፣ አንድ ጭብጥ ጭኮ፣ ሲመሽ ደግሞ ቋንጣ» አለች። «በዚህ ልክ ከበላን ሃምሳ ቀን ያደርሰናል።»

መንገዱ ሲጀመር ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ነበር። በየቀኑ አዲስ ነገር ያያሉ። ወንዙ አንድ ቀን በገደል ውስጥ እየጮኸ ይወርዳል፤ በማግሥቱ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። ጉማሬ ያያሉ፤ ስሙን የማያውቁትን ወፍ ያያሉ። አለቃ ንዋይ ከበቅሎው በወረደ ቁጥር ብራናውን ዘርግቶ ይስላል፤ ሌሎቹም በትከሻው ላይ ተንጠራርተው «ዛሬ የት ደረስን?» ይላሉ። የመጨረሻውን መንደር አልፈው ወደ በረሃው ሲገቡ ሁመድ የሚባል የአገሩ ሰው መንገድ መሪ ሆኖ ተቀላቀላቸው። አሁን ዐሥራ ሁለት ሆኑ።

በሃያኛው ቀን ወደ ትልቁ ወንዝ የሚገባ አንድ ደረቅ አሸዋማ ወንዝ ሲሻገሩ ሩቅ የዘነበ ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ሰዎቹ ተሻግረው ነበር። ከኋላ የቀሩትን ሁለት አህዮች ግን ጎርፉ ከነጭነታቸው ጠራርጎ ወሰዳቸው። ጭነቱ ሁለት ሙሉ የስንቅ ስልቻ እንደነበረ የሚያውቁት ትርንጎና ባሻ ጓንጉል ብቻ ነበሩ።

ሰዎቹ ደንግጠው ሲጠይቁት ባሻ ጓንጉል «የሄደው ትርፍ ድንኳንና ገመድ ነው። ስንቁ ደህና ነው» አላቸው።

ከዚያ ትርንጎን ለብቻዋ ጠርቶ፣ እስካሁን በልተው በጨረሷቸው ሁለት ባዶ ስልቻዎች ውስጥ ደረቅ ሣር እንድትሞላና ከሌሎቹ ጋር እንድትጭን አዘዛት።

«ጌታዬ፣ ሣር መሆኑን ያወቁ ቀንስ?» አለች።

«እስኪያውቁ ድረስ የወንዙ መጨረሻ ላይ እንደርሳለን። አሁን ብነግራቸው ግማሹ ዛሬውኑ ይመለሳል።»

ትርንጎ ታዘዘች፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷ ጠቆረ። ዋንጫውን ሞልታ መስጠት ስላልቻለች በጥቂት በጥቂቱ ማጉደል ጀመረች። ሰዎቹ አስተዋሉ። ሦስት ስልቻ በአህያ ጀርባ ላይ ተወጥሮ ይታያል፤ የሚሰጣቸው ግን በየቀኑ ይቀንሳል። «ባሻ በድንኳኑ ውስጥ ለብቻው ይበላል» የሚል ወሬ ተነሳ። እውነቱ ግን ባሻ ጓንጉል ከሁሉም ያነሰ ይበላ ነበር፤ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ይህንንም ለማንም መናገር አልቻለም። የማይናገረው ነገር ሲበዛ ከሰዎቹ ጋር መብላትም ተወ፤ ወሬውም እየባሰ ሄደ። ስለ ወንዙ የሚጠይቅ ጠፋ። አለቃ ንዋይ ብራናውን ሲዘረጋ የሚመጣለት ሰው አልነበረም።

በሠላሳኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሁሉም በዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ባሉበት፣ ትርንጎ ወደ ጭነቱ ስትሄድ ይርዳውን ስልቻ ፈትቶ እጁን ሙሉ ጭኮ ይዞ አገኘችው። ጮኸች። ሰዎቹ ተነስተው ከበቡት።

«የሁላችንንም ነፍስ ነው የሰረቅከው» አለ አለቃ ንዋይ። «እዚህ ይቅር። ከእኛ ጋር አንድ እርምጃ እንዳይሄድ።»

ሌሎቹም «ይቅር፣ ይቅር» አሉ። በዚያ በረሃ መቅረት ማለት መሞት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይርዳው ቀና ብሎ ባሻ ጓንጉልን ብቻ ተመለከተው።

ባሻ ጓንጉል በይርዳው እጅጌ ላይ የደረቀ ሣር ተሰክቶ አየ። ገባው። ይርዳው ጭኮውን ከማግኘቱ በፊት ሌሎቹን ሁለት ስልቻዎች ፈትቷል፤ ምን እንዳለባቸውም ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር «እዚህ ይቅር» የሚሉት ሰዎች በባሻ ላይ ይነሱ ነበር። አሁን ባሻ ጓንጉል «ይቅር» ብሎ ቢፈርድ ምስጢሩ ከይርዳው ጋር በረሃ ይቀራል። ማንም አያውቅም።

ባሻ ጓንጉል ቢላውን መዘዘ። ሰዎቹ ይርዳውን ሊወጋው መስሏቸው ወደ ኋላ ሸሹ። እሱ ግን ወደ ስልቻዎቹ ሄዶ አንዱን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ሣር ፈሰሰ። ሁለተኛውን ቀደደው። ሣር ፈሰሰ።

«ጎርፉ የወሰደው ስንቅ ነበር» አለ። «ዋሸኋችሁ። ትርንጎም የዋሸችው እኔ አዝዣት ነው። የቀረን ይህ አንድ ስልቻ ብቻ ነው። ይርዳው ሌባ ከሆነ ከእኔ የተማረ ሌባ ነው።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። አንዱ ይሳደባል፤ አንዱ ጭንቅላቱን ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል። ባሻ ጓንጉል ሁሉንም ሰማ። ሲበርድላቸው ወደ ይርዳው ዞረ።

«ሣሩን አይተሃል። ለምን አልተናገርክም?»

«እኔ ብናገረው ራሱን ለማዳን የሚቀባጥር ሌባ ነው የምባለው። ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ነው የሚታመነው» አለ ይርዳው።

«ጭኮውንስ ለምን ወሰድክ? ርቦህ ነው?»

«ሁላችንም ርቦናል። እኔን ያሸነፈኝ ረሃቡ አይደለም። ዋንጫው ሲቀንስ ለምን እንደሚቀንስ አለማወቄ ነው። ሁለቱን ስልቻ ፈትቼ ሣር ሳይ ደግሞ ጨርሶ አእምሮዬን ሳትኩ።»

በዚህ ጊዜ መንገድ መሪው ሁመድ ወደ መሃል ገባ። በቋንቋው አንቱታ ስለሌለ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነበር የሚለው።

«ባሻ፣ ስንቅ እንደጎደለህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

«ዓሣ አሳይህ ነበር» አለ ሁመድ። «ይህ ወንዝ ጎርፍ ሲሸሽ በየዳሩ ኩሬ ይተዋል። ኩሬው በአምባዛ የተሞላ ነው። ዐሥር ቀን ሙሉ አጠገቡ ስናልፍ ነበር። እናንተ የደጋ ሰዎች ዓሣ አትወዱም ሲሉ ሰምቼ፣ ስንቅም ሞልቷል ብለኸኝ፣ ዝም አልኩ።»

ትርንጎ ወዲያው ተነሳች። የድንኳኑን ሸራ ገፍፋ በትከሻዋ ላይ ጣለችና «ኩሬው በየት በኩል ነው?» አለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዐሥራ ሁለቱም ሰዎች እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ገቡ። ሸራውን በአራት በኩል ይዘው ከኩሬው አንድ ዳር ወደ ሌላው ጎተቱት። በመጀመሪያው ዙር ጭቃና ቅጠል ወጣ። በሁለተኛው ሸራው ከበደ፤ ሲያነሱት እንደ ክንድ የወፈሩ፣ ጢማም አምባዛዎች ይዘላሉ፣ ይንፈራገጣሉ። አለቃ ንዋይ አንዱን ለመያዝ ሲወረወር በግንባሩ ጭቃ ላይ ወደቀ፤ ዓሣውን ግን አልለቀቀም። በእሱ ሳቁ። ከዐሥር ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት ያኔ ነበር። ትርንጎ ዓሣውን ከፍታ፣ ጨው ነስንሳ፣ በፍም ላይ ጠበሰችው። ጣታቸውን እያቃጠላቸው በሉ።

ከበሉ በኋላ ባሻ ጓንጉል ቆሞ ተናገረ። «ስልቻው እስከ መጨረሻው መንደር ይመልሰናል። ሁመድ ወንዙ የሚያልቅበት ቦታ ስምንት ቀን እንደሚቀር ከአባቶቹ ሰምቷል፤ በዓይኑ ግን አላየውም። ወደፊት ኩሬ ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳችሁ። ከእንግዲህ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እንመለስ ካላችሁ ነገ ጠዋት እንመለሳለን።»

መጀመሪያ የተናገረው አለቃ ንዋይ ነበር። «ብራናዬ ላይ የቀረው ቦታ አንድ መዳፍ ነው። መጨረሻውን ሳልስልበት አልመለስም። ለእኔ ግማሽ ዋንጫ ይበቃኛል።»

«ለእኔም ግማሽ» አለ ሌላው። በየተራ ሁሉም «ግማሽ» አሉ። ባሻ ጓንጉል ስንቅ ጎደለ ብለው ይመለሳሉ ብሎ የፈራቸው ሰዎች የራሳቸውን ዋንጫ በራሳቸው አፍ ቀነሱ። ይርዳው ብቻ ከክቡ ውጪ ተቀምጦ ነበር። ባሻ ጓንጉል ዋንጫውን አንስቶ በእጁ አስያዘው።

«ከነገ ጀምሮ የምታካፍለን አንተ ነህ። ስልቻውን ሁሉም እያየ ትፈታዋለህ፣ ሁሉም እያየ ታስረዋለህ። ያንተን ድርሻ የምታነሳው ግን በመጨረሻ ነው።»

አለቃ ንዋይ ፊቱን አጨፈገገ፤ ሊቃወም አፉን ከፈተና ተወው። ይርዳውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋንጫውን አንዲት ጣት እንኳ ሳያዛንፍ አካፈለ። አንዳንድ ቀን ለራሱ የሚቀረው ከስልቻው ግድግዳ የሚፋቅ ዱቄት ነበር። እሱንም ሁሉም እያየው ይልሳል።

ስምንት ቀን የተባለው ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሁለት ቀን ኩሬ ጠፍቶ በበሶ ብቻ ሄዱ። በሦስተኛው ዓሣም ሸምበቆም ባለበት ረግረግ አገኙ። ማንም ግን «ምን ቀረን?» ብሎ በጥርጣሬ አልጠየቀም፤ ምን እንደቀረ ሁሉም ያውቅ ነበርና። በዐሥራ አንደኛው ቀን ረፋዱ ላይ ወንዙ ሰፋ፣ ዘገየ፣ ከዚያም ድምፁ ጠፋ። አንድ ጥቁር ድንጋያማ ጉብታ ላይ ሮጠው ወጡ። ትርንጎ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ ከሁሉም ቀደመች።

ከፊታቸው ዓይን የማይጨርሰው ሐይቅ ተዘርግቷል። ዳሩ በጨው ነጭ ሆኗል። በላዩ የማይቆጠሩ ወፎች ሲነሱ ሰማዩ ሐምራዊ ይሆናል። ወንዙ ከዚህ ወጥቶ የሚሄድበት መንገድ እንዳለ ለማየት ሐይቁን ስድስት ቀን ዞሩት። መውጫ አልነበረውም። ወንዙ ባሕር አልገባም፤ መሬትም አልዋጠችውም። ያንን ሁሉ ውሃ እዚያው ፀሐይ ነበር የሚጠጣው።

አለቃ ንዋይ ብራናውን ሲዘረጋ ዐሥራ አንዱም ከበቡት። የመጨረሻውን መስመር አሰመረ። ከዚያ ዓሣ አጥምደው፣ እንደ ቋንጣ ዘልዝለው በጨው አድርቀው፣ ባዶውን ስልቻ ሞልተው ተመለሱ። ሲሄዱ ዐሥራ ሁለት ነበሩ፤ ሲመለሱም ዐሥራ ሁለት።

ንጉሡ ብራናውን ሲያይ ከዙፋኑ ተነሳ። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ወፎቹ፣ ስለ ጨው ጠየቀ። ቀጥሎም «ይህን ያህል ቀን ምን በልታችሁ ኖራችሁ?» አለ። ባሻ ጓንጉል ስለ በሶው፣ ስለ ጭኮውና ስለ አምባዛው ተናገረ። ሣር ስለተሞሉት ሁለት ስልቻዎችም ተናገረ።

«ይህን የመጨረሻውን ባትነግረኝ ከየት አውቀው ነበር?» አለ ንጉሡ ተገርሞ።

«አያውቁትም ነበር፣ ጃንሆይ። እኔ ግን አንድ ጊዜ ደብቄ ዐሥራ አንድ ሰው ልገድል ነበር። ከዚህ በኋላ መንገደኛ ሲልኩ ስንቁ በሁሉም ፊት ይከፈት፣ በሁሉም ፊት ይታሰር። ሲጎድልም በዚያው ቀን ይነገር። የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው።»

ንጉሡም እንዲሁ እንዲሆን አዘዘ።

ሰው የሚያውቀውን ችግር ይችለዋል። ድርሻውን ይቀንሳል፣ ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ የማያውቀውን ምግብ ይበላል፤ ብቻ ምን እንደቀረ ይነገረው። የሚሰብረው ከእሱ የተደበቀው ጉድለት ነው። ጉድለታችንን ስንደብቅ ደግሞ ሊረዳን የሚችለውን ሰው አብረን ዝም እናሰኘዋለን፤ ኩሬው የት እንዳለ የሚያውቀው ሁመድ አጠገባችን እየሄደ እንራባለን።

እስቲ እናስብ፦ በቤታችን ወይም በምንመራው ሥራ ላይ፣ «ቢያውቁ ጥለውኝ ይሄዳሉ» ብለን የደበቅነው ነገር ምንድን ነው? ዛሬ ብንነግራቸውስ «ለእኔ ግማሽ ይበቃኛል» የሚለን ማን ይሆን?