ጥንዚዛ እንድትነሳ

ጆሮ ያለው ወዲህ ይጠጋ፤ ሥራ ያለውም ሥራውን ይዞ ይምጣ። የምነግራችሁ ክንፏ ከመዳፍ ብዙም ስለማይበልጥ አውሮፕላንና፣ እሷን አንድ ጊዜ ለማስነሳት ሰፈሩን በሙሉ ስላስነሱ አንድ ሽማግሌ ነው።

ደብረ ዘይት ውስጥ፣ ከሐይቁ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ባሻ ቢተው የሚባሉ ሰው ነበሩ። በጉብዝናቸው ዘመን የአውሮፕላን ሞተር መካኒክ ነበሩ። የልብ ጓደኛቸው ባሻ ጥጋቡ ደግሞ እዚያው ግቢ ፓራሹት ይሰፉ ነበር። ሁለቱ የምሳ ሰዓታቸውን የሚያሳልፉት አንድ ነገር ላይ ነበር፦ ትንንሽ አውሮፕላን መሥራት ላይ። ለውዝ የምታክል ሞተር ነበረቻቸው፤ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው የሄዳት ናት። አካሏን ቢተው ከደረቀ የቃጫ አገዳ ጠረቡ፤ የቃጫ አገዳ ሲደርቅ እንደ ላባ ነውና። ክንፏን ጥጋቡ ከፓራሹት በተረፈ ሐር አለበሱ። ከክንፏ ጫፍ ሁለት ቀጫጭን ክሮች ወጥተው ከአንዲት እጀታ ጋር ታሰሩ። እጀታዋን የያዘ ሰው መሀል ቆሞ ይዞራል፤ አውሮፕላኗ በዙሪያው ትበራለች። እጁን ቀና ሲያደርግ ትወጣለች፣ ሲደፋ ትወርዳለች። ልጆች ሳሉ ጥንዚዛ በክር አስረው ያዞሩ ነበርና ስሟን ጥንዚዛ አሏት።

ያኔ ሜዳው ላይ ጥንዚዛ ስትጮህ ምሳውን ጥሎ የማይመጣ አልነበረም። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ጡረታም መጣ። ጥንዚዛ የጫማ ካርቶን ውስጥ ገባች።

ከጡረታው ብዙ ዓመት በኋላ የጥጋቡ እግር ከዳቸው። ሐዋሳ የምትኖረው ልጃቸው ሰናይት ልትወስዳቸው መጣች፤ ጉዞው ለእሁድ ተቆረጠ። ሰኞ ዕለት ቢተው ሊጠይቋቸው ሲገቡ ጥጋቡ እስከ አንገታቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ እጃቸውን ከሥሩ ቀብረው አገኟቸው።

«ቢተው» አሉ ጥጋቡ።

«ወይ?»

«የጥንዚዛን ድምፅ አንድ ጊዜ ሰምቼ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ይሄማ ምን ችግር አለው!» አሉ ቢተው።

ይሄማ ምን ችግር አለው ያለ ሰው፣ ችግር ቤቱ ድረስ ይመጣለታል።

ቢተው ካርቶኑን አወረዱ። አንዱን ክንፍ አይጥ በልቶታል። ከአጥር ጥግ የቃጫ አገዳ ቆርጠው፣ በምላጭ ፍቀው፣ በሙጫ አጣብቀው ክንፉን መለሱት። ለሞተሯ ነዳጅ የሚሆነውን አልኮል ከአንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ወዳጃቸው አገኙ። የጎደለው ዘይት ብቻ ነበር። ያቺ ሞተር ደግሞ አልኮሏ ከጉሎ ዘይት ጋር ካልተቀላቀለ ትነድዳለች እንጂ አትሠራም። መድኃኒት ቤት ቢጠይቁ «የጉሎ ዘይት ከመጣ ስንት ጊዜው!» አሏቸው። ስለዚህ ዘይት ያልጠጣች ሞተር፣ ጥንዚዛን አላስነሳም አለች።

ቢተው ጉሎ አጥራቸው ላይ ወደ በቀለባቸው ወደ ወይዘሮ እልፍነሽ ሄዱ።

«ጉሎው ሞልቷል፤ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ቀቅሎ ዘይቱን መግፈፍ ነው» አሉ እልፍነሽ። «ግን ዘነዘናዬ ለሁለት ተሰነጠቀ።»

«ከጎረቤት ይዋሱልኛ!»

«ምነው ጋሽ ቢተው! ጉሎ መርዝ አይደለም እንዴ? በበርበሬው ዘነዘና ጉሎ ልውቀጥ ብል ማን እሺ ይለኛል? አዲስ ዘነዘና ያምጡና ዘይቱን ይውሰዱ።»

እንግዲህ ዘነዘና ያጣ ሙቀጫ፣ ጉሎ አልወቅጥም አለ፤ ያልተወቀጠ ጉሎ፣ ዘይት አልሰጥም አለ፤ ዘይት ያልጠጣች ሞተር፣ ጥንዚዛን አላስነሳም አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ቢተው አናጺው ደምሰው ዘንድ ደረሱ። ደምሰው የወይራ ግንድ አሳያቸው፤ መጥረቢያውንም አሳያቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ መጥረቢያ ቅቤ እንኳ አይቆርጥም። ወይራ ደግሞ በዶልዱም አይደፈርም። ሙዘይን ጋ ወስደው ያስሉልኝ፤ ዘነዘናውን በአንድ ጀንበር አወጣልዎታለሁ።»

መጥረቢያውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ «ምን ሊቆርጡ ነው?» ይላቸዋል። «ሊቆረጥ አይደለም፣ ሊበር ነው» ይላሉ። ሰውም ዘወር ብሎ ያያቸዋል። ዶልዱም መጥረቢያ፣ ዘነዘና አልጠርብም አለ፤ ዘነዘና ያጣ ሙቀጫ፣ ጉሎ አልወቅጥም አለ፤ ያልተወቀጠ ጉሎ፣ ዘይት አልሰጥም አለ፤ ዘይት ያልጠጣች ሞተር፣ ጥንዚዛን አላስነሳም አለች።

ሙዘይን ስለት አውጪ ነው። ብስክሌት ገልብጦ መሳያ ድንጋይ ገጥሞበታል፤ ፔዳሉን ሲመታው ድንጋዩ ይዞራል፣ ብልጭታው ይረጫል። የዚያን ዕለት ግን ሙዘይን እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«የብስክሌቱ ካቴና ተበጠሰ ጋሽ ቢተው። ሦስት ጊዜ ቀጠልኩት፣ አራተኛውን እንቢ አለኝ። ኦቦ ለሚ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ብስክሌት አለ፤ የሱ ካቴና ልክ ይመጣል።»

ካቴና ያጣ ብስክሌት፣ መሳያ አላዞርም አለ፤ ያልዞረ መሳያ፣ መጥረቢያ አልስልም አለ፤ ዶልዱም መጥረቢያ፣ ዘነዘና አልጠርብም አለ፤ ዘነዘና ያጣ ሙቀጫ፣ ጉሎ አልወቅጥም አለ፤ ያልተወቀጠ ጉሎ፣ ዘይት አልሰጥም አለ፤ ዘይት ያልጠጣች ሞተር፣ ጥንዚዛን አላስነሳም አለች። ቀኑም ረቡዕ ሆነ።

ኦቦ ለሚ ዓሣ አጥማጅ ነው። ቢተው ቁልቁለቱን እየተንፏቀቁ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ፣ ለሚ ድንኳን የሚያክል ቀዳዳ ያለበት መረብ ጭኑ ላይ ዘርግቶ በመርፌ ሲታገል አገኙት። የሐይቁ ወለል ላይ ያለ ጉቶ ነው የቀደደው።

«ካቴናውንስ ይውሰዱት» አለ ለሚ። «ግን ዝገቱ ነክሶታል፤ ለማውለቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ ደግሞ ግማሽ ቀን የለኝም አባቴ፤ ይሄ መረብ ካልተጠገነ ቤቴ አይበላም። መረቡን የሚጠግንልኝ ሰው ያምጡ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ካቴናውን አወልቃለሁ።»

«ማን ይጠግነዋል?»

ለሚ አንገቱን አከከ። «አንድ ሰው ነበር። ፓራሹት የሚሰፋ ሰው፤ የሱን ቋጠሮ ዓሣ ቀርቶ ሰይጣን አይፈታውም። ታሟል ሲሉ ሰምቼ ልጠይቀው አፈርኩ።»

ቢተው ማንን እንደሚል ገባቸው። ጥጋቡን ምንም ሳያስቸግሩ ጥንዚዛን ድንገት ሊያሰሟቸው ነበር ሐሳባቸው። ደግሞም ሰናይት «አባዬ እኮ ማንኪያ እንኳ መያዝ ትቷል» ብላቸዋለች። ሐሙስን ሙሉ ሌላ መረብ ጠጋኝ ፈለጉ፤ አላገኙም። ማታ ካርቶኑን ከፍተው ጥንዚዛን አዩዋትና «ይቅርብሽ» ሊሏት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ዓርብ ጠዋት መረቡን ተሸክመው ጥጋቡ በር ላይ ቆሙ።

«ባሻ፣ እባክዎ እንዳያደክሟቸው» አለች ሰናይት መረቡን አይታ።

ጥጋቡ ከአልጋቸው ሆነው አሻግረው አዩ። «ምንድን ነው እሱ?»

«መረብ ነው።»

«እጄ ሞቷል ቢተው።»

«የሞተውስ እግርህ ነው። እጅህን ማን ሥራ ጠየቀውና ሞተ ትላለህ?»

«ማንም አልጠየቀውም» አሉ ጥጋቡ ቀስ ብለው። «ነገሩ እሱ ነው።»

ቢተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የሆነውንም እንደሆነ ነገሯቸው። «ስማኝ ጥጋቡ። ከብርድ ልብስ ያልወጣ እጅ፣ መረብ አልጠግንም አለ፤ መረቡ የተቀደደበት ለሚ፣ ካቴና አላወልቅም አለ፤ ካቴና ያጣ ብስክሌት፣ መሳያ አላዞርም አለ፤ ያልዞረ መሳያ፣ መጥረቢያ አልስልም አለ፤ ዶልዱም መጥረቢያ፣ ዘነዘና አልጠርብም አለ፤ ዘነዘና ያጣ ሙቀጫ፣ ጉሎ አልወቅጥም አለ፤ ያልተወቀጠ ጉሎ፣ ዘይት አልሰጥም አለ፤ ዘይት ያልጠጣች ሞተር፣ ጥንዚዛን አላስነሳም አለች። እኔም ከማክሰኞ ጀምሮ መጥረቢያ ተሸክሜ ከተማውን ስዞር ሰው አብዷል ብሎኛል።»

የጥጋቡ ትከሻ መጀመሪያ ትንሽ ተነቃነቀ። ከዚያ ሆዳቸው። ከዚያ አልጋው። ሳቁ እንባ አመጣባቸውና፣ እንባቸውን ሊጠርጉ ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጣ። ወጣና ቀረ። ሰናይት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እስቲ ወዲህ በለው» አሉ ጥጋቡ። የመረቡን ቀዳዳ በጣታቸው ለክተው ፊታቸውን አኮማተሩ። «ይሄን የሰፋው ማነው? ዶሮ ነው? መርፌ አምጪ ልጄ።»

የመጀመሪያዎቹ ቋጠሮዎች ጠማማ ወጡ። አሥረኛው ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ጣታቸው መንገዱን አወቀው።

ከዚያማ ማን ያቁመው! የወጣው እጅ መረቡን ጠገነ፤ መረቡ የተጠገነለት ለሚ ካቴናውን አወለቀ፤ ካቴና ያገኘ ብስክሌት መሳያውን አዞረ፤ የዞረ መሳያ መጥረቢያውን ሳለ፤ የተሳለ መጥረቢያ ዘነዘናውን ጠረበ፤ ዘነዘና ያገኘ ሙቀጫ ጉሎውን ወቀጠ፤ የተወቀጠ ጉሎ ዘይቱን ሰጠ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞተሯ ዘይቷን ጠጣች።

ሜዳው ላይ ሁሉም መጡ። ደምሰው ለጥገና የመጣለትን የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ሳይጠየቅ ተሸክሞ መጣ። «ቆመው መዞር ካልቻሉ ተቀምጠው ይዙሩ» አለና መሀል ላይ ሳንቃ አንጥፎ አስቀመጠላቸው። ጥጋቡን አቅፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው፤ እጀታዋን ያዙ። ሰናይት በክሮቹ ጫፍ ጥንዚዛን በሁለት ጣቷ ይዛ ቆመች። ቢተው የሞተሯን ማቀጣጠያ በባትሪ አግለው ፕሮፔለሯን በጣታቸው መቷት። ምንም። ደግመው መቷት። ሳል ብላ ቀረች። ሦስተኛውን ሲመቷት ግን፦

ዝዝዝዝዝዝ!

ወይዘሮ እልፍነሽ ጆሯቸውን ያዙ። «እውይ! ይህቺ ናት ለውዝ የምታክለው?»

ቢተው ሮጠው ከወንበሩ ኋላ ቆሙ። «ልቀቂ!» አሉ፤ ሰናይት ለቀቀች፤ ጥንዚዛ ተነሳች።

ክሩ ተወጠረ፣ ቢተው ወንበሩን ገፉ፣ ጥጋቡ ዞሩ። የጥጋቡ አንጓ ቀና ሲል ጥንዚዛ ከሰው ራስ በላይ ወጣች፤ ደፋ ሲል ሣሩን ልትልሰው ደረሰች፤ ሙዘይን ተደፋ። ቢተው ወንበሩን ሲያዞሩ ጥንዚዛን ማየት አልቻሉም። የሚታያቸው የጓደኛቸው የሸበተ ማጅራት ብቻ ነበር። ድምፁ ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት የምሳ ሰዓት ላይ የነበረው። በዚያ ድምፅ ውስጥ ሆነው፣ ያ ማጅራት ጥቁር ፀጉር የነበረበት ጊዜ አጠገባቸው ያለ መሰላቸው። ትንፋሽ አጠራቸው፤ ግን መግፋቱን አልተዉም።

ነዳጁ አለቀ። ሜዳው ጭር አለ። ጥንዚዛ ያለ ድምፅ ግማሽ ዙር ተንሳፈፈችና ሣሩ ላይ ዝግ ብላ አረፈች። ቢተው አዙሯቸው አጠገቧ ተዘረሩ።

«ቢተው፣ አለህ?» አሉ ጥጋቡ ከወንበራቸው።

«አለሁ። ሰማሃት?»

«ሰማኋት።» ጥጋቡ እጀታዋን ከፍ አደረጉና «መስማቱንስ ተወው፤ እኔ እኮ አበረርኳት» አሉ።

እሁድ ጠዋት መኪናው ተጭኖ ቆመ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በመስኮቱ በኩል ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ ብዙ አልተናገሩም። መኪናው ሊነሳ ሲል ጥጋቡ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሰናይት፣ ሐዋሳ ሐይቅ አለ አይደል?»

«አለ እንጂ አባዬ።»

«ዓሣ አጥማጅስ?»

«መዓት ነው።»

«መረብ ይቀደድባቸዋል?»

«ሁሌ ነዋ።»

«እንግዲያው ንጂው» አሉ ጥጋቡ፣ ሁለት እጃቸውን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አውጥተው።

ቢተው መኪናው ከዓይናቸው እስኪጠፋ ቆመው እነዚያን እጆች አዩ። የኔ ወሬ እዚህ ላይ አረፈች፤ ተረኛው የራሱን ያስነሳ።