ባለወፍጮውና ሁለቱ በሮች

አንድ ባለወፍጮ ነበረ። የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አፉን ያየው ግን ጥቂት ነው።

ስለ እሱ የምነግርሽ፣ አስናቁ፣ ጥያቄሽን ሸሽቼ አይደለም። ጤና ጣቢያ ከሰጡሽ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛዎች አንዱን በመዳፍሽ ጨምድደሽ መጣሽና፣ «ባሌን የሳንባ ነቀርሳ ነው ብለውታል። ይህን አድርጌ አጠገቡ ብቀመጥ ተጸየፈችኝ አይልም ወይ?» አልሽኝ። መልሱ ያለው ከዚያ ሰው ቤት ነው። ተቀመጪና ስሚኝ።

ወፍጮ ቤቱ ከገበያው ዳር ነበር። ፊትና ኋላ ሁለት በር ነበረው። ባለወፍጮው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ሁለቱንም ወለል አድርጎ ይከፍታል። አንዱ ብቻ ሲከፈት ዱቄቱ ቤቱ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይውላል። ሁለቱም ሲከፈቱ ግን ነፋሱ በአንዱ ገብቶ ብናኙን እየጠረገ በሌላው ይወጣል። ይህን ማንም አላስተማረውም። ከጣሪያው ቆርቆሮ አንድ ሚስማር ለቆ ነበርና በቀዳዳው በምትገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ ብናኙ ሲሄድና ሲቆም ያየው ነበር።

አፉንና አፍንጫውን ደግሞ ከእናቱ አሮጌ ነጠላ በተቀደደ ቁራጭ ይሸፍናል። ሥራውን በጀመረ ሰሞን ቀድዳ የሰጠችው እናቱ ናት። «ዱቄት በልተህ አትጠግብም፣ ትንፋሽህን ጠብቅ» ብላ በእጇ አሰረችለት።

በርበሬ የሚፈጭ ቀን ሲሆን ከውስጥ ሆኖ ይጮሃል፦ «እናቶች፣ ሸፈን ሸፈን አድርጉ! የኋላውንም በር አንዳችሁ ያዙልኝ!» ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው እየሳቁ ደጅ ይወጣሉ። አንዷ አፍንጫዋን ስለሸፈነች «ማንን ተጸየፍሽ?» ያላት ሰው የለም። በርበሬ ነዋ። በርበሬ ሲፈጭ ሁሉም ይሸፍናል።

ሚስቱም ያገኘችው እዚያው ነው። አንድ ቀን የእናቷን ገብስ ተሸክማ መጣች። ከወፍጮው ጀርባ አንድ ሰው ቆሟል፤ ሽፋሽፍቱና ቅንድቡ ነጭ፣ ከአፍንጫው በታች ጨርቅ። ፈራ ተባ እያለች ጆንያዋን አወረደችና፣

«አባባ፣ ወረፋው የማን ነው?» አለችው።

ሰውየው ከጨርቁ ጀርባ ሳቀ። «አባባ አልሽኝ? እጥበት ብቻ ነው የጎደለኝ፣ እህቴ።»

ከዚያ ወዲያ የእናቷ ገብስ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ጓደኞቿ አላስቀመጧትም። «አፉን ሳታይ ልታገቢው ነው? ጥርስ ባይኖረውስ?» ይሏታል። እሷም ነገሩ ያሳስባት ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አንድ ንጹሕ ጎልማሳ «እንዴት አደርሽ» አላት። አላወቀችውም፤ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል ሳቀ። ሲስቅ የዓይኑ ጥግ ተጨማደደ። በዓይኑ ያን ጊዜ ለየችው። ከዚያ ቀና ብላ አፉን አየች። ጥርሱ ሙሉ ነበር፤ ከፊተኞቹ አንዱ ብቻ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ያ የዘነበለ ጥርስ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ሆነ።

ተጋቡ። ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል ባለወፍጮው ማሳል ጀመረ። ሰው ሁሉ «ዱቄት ገብቶበት ነው» አለ፤ እሱም እንደዚያው መሰለው። ፌጦ ጠጣ፣ ነጭ ሽንኩርት በላ፣ እየከሳም ሥራውን ቀጠለ። ሌሊት ልብሱ በላብ እየራሰ፣ በአክታው ደም እየታየ ከርሞ ነው ጤና ጣቢያ የሄደው። እዚያ አክታውን መርምረው የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ነገሩት። በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚውጠው መድኃኒት ሰጡት። ለሚስቱም መሸፈኛ ሰጥተው እንዲህ አሏት፦ «በሽታው ሲያስልና ሲናገር በትንፋሹ ይወጣል፣ ቤት ውስጥ አየሩ ላይ ይቆያል። መድኃኒቱ በሽታውን እስኪይዘው ድረስ እሱም አንቺም ሸፍኑ። መስኮትና በር ክፈቱ። ሕፃኗ ከእሱ ጋር አትደር።»

ቤት ስትደርስ አማቷ ከእሷ ቀድማ ገብታለች። የልጇ መታመም አስደንግጧት መስኮቱን ዘግታ፣ ስንጥቁን በጨርቅ ወትፋ፣ የኋላውን በር በሳጥን አስደግፋዋለች። «የታመመ ሰው ንፋስ ከመታው አለቀለት» ትላለች። ጠያቂው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተቀምጧል። ሚስቲቱ መሸፈኛውን አድርጋ ስትገባ ቤቱ ጸጥ አለ።

«ምነው?» አለች አማቷ ቀስ ብላ። «ልጄ ገና ሳይሞት ሸተተሽ?»

ሚስቲቱ ዙሪያዋን ቃኘች። ሰው ሁሉ ያያታል። እጇን ወደ ጆሮዋ ልካ መሸፈኛውን ፈታችና ከፍራሹ ሥር ከተተችው። ከአልጋው ጫፍ፣ ከባሏ ራስ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷን አቅፋ ጡት ሰጠቻት። እንደዚህ ስትቀመጥ ሰዉ መለስ ብሎ ወሬውን ያዘ፤ አማቷም ፊቷ ተፈታ። እሷም ብትሆን በልቧ ደስ አላት። ቅርቡ መሆን ነበር የምትፈልገው። ያን የዘነበለ ጥርስ ማየት ነበር የምትፈልገው።

ባለወፍጮው ግን ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። የእሱም ቤት ቆርቆሮ ቀዳዳ አላጣም። በቀዳዳው አንዲት የፀሐይ ጨረር ገብታ በአልጋውና በሚስቱ መካከል ቆማለች። አቧራው በውስጧ እንደ ቆመ ነው፤ አይሄድም፣ አይመጣም። ሳል መጣበትና ሳለ። አቧራው ተናወጠ፤ ተሽከረከረ፤ ከዚያ ቀስ እያለ በልጅቷ ፊት በኩል አለፈ። የሚወጣበት ስላጣ እዚያው ዞረ። በሽታውን አላየውም፤ በሽታው አይታይም። ያየው የትንፋሹን መንገድ ነው።

ማንም ሳያግዘው ተነሣ። «ምን ፈለግህ?» ቢሉት ወደ ግድግዳው ሄደ። ከግድግዳው ላይ የሥራ ካፖርቱን አውርዶ ከኪሱ ያችን የነጠላ ቁራጭ አወጣ፤ አራግፎ አፉንና አፍንጫውን አሰረ። ከዚያ ሄዶ ከመስኮቱ ስንጥቅ ጨርቁን እየመዘዘ ጣለ፤ መስኮቱን ገፋው። ሳጥኑን በጉልበቱ ገፍቶ የኋላውን በር ከፈተ። ነፋሱ ቤቱን አቋርጦ አለፈ።

«ልጄ! ንፋስ ሊገልህ ነው!» አለች እናቱ።

በሩን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «እማዬ፣ በርበሬ ሲፈጭ ምን እልሽ ነበር?»

እናቱ ወደ ተከፈተው በር አየች።

«ንገሪኛ።»

«ሸፍኚ፣ የኋላውን በር ያዢልኝ ትለኝ ነበር።»

«ተጸይፌሽ ነበር?»

«ኧረ ልጄ።»

ደረቱን በመዳፉ ነካ አደረገ። «ዛሬ ወፍጮው እኔ ነኝ። ሸፍኑ፣ በሩንም ያዙልኝ።»

እናቱ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ልጅቷን ከእናቷ ክንድ ወሰደች። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አጣፍታ በዚያው ግቢ ወዳለው የራሷ ቤት ይዛት ወጣች። ጠያቂውም ተከትሎ ደጅ ወጣ። ሚስቲቱ ብቻ ቀረች። ከፍራሹ ሥር መሸፈኛዋን አወጣች፤ አጥብቃ አሰረችው። ባሏ አያትና ዓይኑ ጥግ ላይ ተጨማደደ።

«እንዲህ አይደል የተዋወቅነው?» አላት።

ከዚያ በኋላ ቤታቸው እንደ ወፍጮ ቤቱ ሆነ። ቀን ቀን አልጋውን ወደ ደጅ ያወጡለታል። ጠያቂ ሲመጣ ግቢው ውስጥ፣ ራቅ ብሎ፣ ነፋስ ካለበት ይቀመጣል። ማታ ማታ ሚስቱ ሸፍና ምግቡን ታቀርብለታለች፤ በተከፈተው መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ታወራዋለች፤ እንቅልፍ ሲመጣ ልጅቷ ጋ ሄዳ ታድራለች። አንድ ግቢ ውስጥ እያለ ናፈቃት። ዓይኑን ስታይ ትውላለች፣ ዓይኑ የቀረውን ያስናፍቃታል። «አንድ ጊዜ ብቻ ገልጠህ አሳየኝ» ትለዋለች። «ሐኪሙ ይበቃችኋል ይበል፣ ያኔ እስኪሰለችሽ ታዪዋለሽ» ይላታል።

አንድ ረፋድ ግን አዘነላት። በግቢው ጫፍ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ነፋሱ ከእሷ ወደ እሱ በሚነፍስበት ቆመ። «ከደጃፉ እንዳትንቀሳቀሺ» አላት። ከዚያ የነጠላ ቁራጩን ወደ አገጩ አወረደና ሳቀላት። ፊቱ ከስቷል፤ ጥርሱ ግን እንደ ዘነበለ ነው። እሷም ከደጃፉ ሆና መሸፈኛዋን አወረደች። ግቢውን ሙሉ በመካከላቸው አድርገው ተሳሳቁ። ሳሉ ሊመጣበት ሲል ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ መልሶ ሸፈነ።

ይህ ሰው አልዳነም። መድኃኒቱን በትክክል ውጧል፤ ሳንባው ግን ጤና ጣቢያ ሳይደርስ አልቆ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ሞተ። በለቅሶው ቀን ሰዉ ድንኳን ውስጥ ተፋፍጎ ሲቀመጥ እናቱ ከሐዘኗ መካከል ቀና ብላ፣ «ጎንና ጎኑን ግለጡት፣ ነፋስ ይግባ። ልጄ ቢኖር ይገልጠው ነበር» አለች። ገለጡት።

ሚስቱና ልጁ ተመረመሩ፤ በሽታው አልተገኘባቸውም። ልጅቷ አደገች። የወተት ጥርሷ ወድቆ ሌላ ሲበቅልላት፣ ከፊተኞቹ አንዱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ መጣ። እናቷ ስታየው ወደ ጓሮ ወጥታ ብዙ ቆየች።

አሁን ጥያቄሽን እመልስልሻለሁ፣ አስናቁ። በርበሬው በሽታው ነው። ወፍጮው የታመመው ደረት ነው። ያች የነጠላ ቁራጭ በእጅሽ የያዝሻት መሸፈኛ ናት፤ ሁለቱ በሮች የቤትሽ መስኮትና በር ናቸው። በርበሬ ሲፈጭ የሸፈነች ሴት ባለወፍጮውን አልጠላችም፤ ዱቄቷን ሳትይዝ ልትሄድም አልፈለገችም። እዚያው ለመቆየት ነው የሸፈነችው። አንቺም እንዲሁ ነሽ። ሳይሸፍኑ ከታመመ ሰው ጋር የሚውሉ ሁሉ ይታመማሉ አልልሽም፤ የሸፈነ ሁሉ ይድናልም አልልሽም። ግን የተወተፈ መስኮት ያለበት ቤት የአንዱን ሳል ለሁሉም ያድላል። የተከፈተ ቤት ደጅ ያወጣዋል።

ተጸየፈችኝ ይል እንደሆነ ፈርተሻል። እንግዲያው ሳይጠይቅሽ ንገሪው። «የምሸፍነው ካንተ ጋር ለመቀመጥ ነው» በይው። ለእሱም አንዱን እሰሪለት።

የዚያች ሴት ባል ዘግይቶ ነበር። ያንቺ በጊዜ ደርሷል፤ መድኃኒቱ ሊያድነው ይችላል። እሷ ሐኪሙ «ይበቃል፣ አውርዱት» የሚልበትን ቀን ስትጠብቅ ቀረች። ያ ቀን ላንቺ ሊመጣ ይችላል። ሂጂ፣ የጨመደድሽውን ጣይና ሌላ አዲስ አድርጊ፤ መስኮቱን ክፈቺ፤ ዓይኑን እያየሽ ተቀመጪ። አፉን ኋላ ታዪዋለሽ።