የኮች ልዑልሰገድ ደረጃ

የዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሁልጊዜ የሚካሄደው በኮች ልዑልሰገድ ሜዳ ነው። ኮቹ በየዓመቱ ለፍጻሜ ይደርሳል፤ በየዓመቱም ዋንጫውን እንግዳው ቡድን ይዞት ይሄዳል። ዘንድሮም እንደዚያው ሆነና በመዝጊያው የምሳ ግብዣ ላይ አሰልጣኞች በሻምፒዮና ውጤታቸው ደረጃ ይውጣላቸው የሚል ወሬ ተነሳ።

«የኔን ያህል ፍጻሜ የደረሰ ማን አለ?» አለ ኮቹ ደረቱን ነፍቶ። ሰው ሁሉ ወደ ምሳው ሲያቀረቅር ጊዜ፣ በሩ ላይ የቆመችውን ምላሰኛ ፈታሽ ጠራት።

«እስቲ አንቺ፣ ስንተኛ ነኝ? አንደኛ ካላልሽ ነገ እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ!»

ፈታሿን እንጀራዋ አሳሳት፤ መዋሸቱንም አልወደደችውም። ኮፍያዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

«ኧረ አንደኛስ እርስዎ ነዎት ኮች! እዚህ ቤት ዋንጫ ብሎ የመጣን እንግዳ አንድ ቀን እንኳ ባዶ እጁን ሸኝተው አያውቁም።»