አላለቀም ያለች ጃርት

ተረት ተረት! ኧረ «የላም በረት» አትበሉኝ፣ ዛሬ ላም የለችበትም። «የጃርት ጉድጓድ» በሉ። እንደሱ! አንተም ቃልአብ፣ ያን ስልክህን አስቀምጠው። ለመስቀል ገዝተህ ቤቱን ሙሉ እየዞርክ ያሳየኸው፣ ለፋሲካ ደግሞ «አያቴ፣ ይሄ እኮ አረጀ» ያልከኝ እሱ ነው አይደል? ገና ላስቲኩ እንኳ አልተላጠለትም! ተረቱ ያንተ ነው፤ ግን ጃርቷ ትቅደም።

በድሮ ጊዜ፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር፣ አንዲት ጃርት ገደል አፋፍ ላይ ትኖር ነበር። እህቷና ዘመዶቿ ከገደሉ ማዶ ናቸው። በዓይን ይተያያሉ፣ ድምፃቸው ግን አይደራረስም። ከገደሉ ሥር ባለው ጫካ ደግሞ አያ ጅቦ ይመላለሳል። አያ ጅቦ ጃርትን ባየ ቁጥር ምራቁ ይዝረበረባል፤ ግን ምን ያድርግ! ጀርባዋ ላይ ያለው እሾህ «እስቲ ሞክረኝ» ይላል። እሷ እሾኋን አቁማ ስታንሿሿው፣ እሱ ጭራውን ቆልፎ ይሄዳል። እንዲህ ሆነው ይኖሩ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ነጋድራስ ዝንጀሮ ገበያ ወጣ። «ነጋድራስ» ብሎ የሾመው ማን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ራሱ ነው። አንገቱ ላይ የበሬ ቀንድ ደርድሮ፣ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣

«አዲሱን ያላየ፣ ምን አየ!» እያለ ይጮኻል።

ጃርት ጠጋ አለች። «ምንድነው ነጋድራስ?»

«ቀንደ መለከት ነዋ! አንዴ ስትነፊው ገደል ተሻግሮ ይሰማል።»

ጃርት እህቷን አሰበች። አያ ጅቦ የመጣባት ዕለት ይህን ብትነፋው፣ እህቷ ዘመድ አዝማዱን ሰብስባ ትደርስላት ነበር። ያን ጊዜ ማን ይነካታል!

«ዋጋው ምንድነው?» አለች።

«ላንቺ? አንድ እፍኝ እሾህ፣ ከጀርባሽ።»

«እሾህ ምን ያደርግልዎታል ነጋድራስ?»

«ቆላ ያሉት ሰፌድ ሰፊዎች ወስፌ አጥተው እያለቀሱ ነው» አለ ዝንጀሮ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

ጃርት ነቅላ ሰጠችው። ያማል፤ ቢሆንም አዲስ ነገር የያዘ ማን ሕመም ይሰማዋል? እዚያው ነፋችው፤ «ቡኡኡኡ!» ከማዶ እህቷ ከጉድጓዷ ብቅ ብላ ዘለለች። ጃርት በደስታ እንባዋ መጣ።

በዚያ አገር አንድ ወግ አለ፤ እኛም ዘንድ ነበረ። አዲስ ልብስ ለለበሰ «በላይህ ይለቅ»፣ አዲስ ዕቃ ለያዘ «በእጅህ ይለቅ» ይባላል። ጤናና ዕድሜ ሰጥቶህ፣ አንተው ተገልግለህበት ይለቅ ማለት ነው። እማማ ኤሊ በዚያ ሲያልፉ ቆሙ፣ አንገታቸውን አወጡና፣

«በእጅሽ ይለቅ፣ ልጄ» አሏት።

«አሜን፣ እማማ» አለች ጃርት።

ይቺን «አሜን» ያዙልኝ፣ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ጃርት ደግሞ አመል አለባት። ጥርሷ አያርፍም፤ አጥንትም ሆነ ቀንድ ካገኘች ትፈቀፍቃለች። ያን ቀን ቤቷ ገብታ ቀንዷን እያገላበጠች ስታይ፣ ሳታስበው የአፉን ጠርዝ ከውስጥ በኩል ፈቀፈቀችው። ይቺንም ያዙልኝ።

በሳምንቱ ቀንዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሰው ይይልኝ ብላ ገበያ ወጣች። ዝንጀሮ ድንጋዩ ላይ ቆሟል።

«አዲሱን ያላየ፣ ምን አየ!»

እጁ ላይ ቀይ አፈር የተቀባ ቀንድ ያብረቀርቃል። ጎኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለችው።

«ቀዳዳዋ ለምንድናት?» አለች ሚዳቋ። ሚዳቋ የጃርት ጎረቤት ናት፤ አዲስ ነገር መጣ ከተባለ ከነፋስ ቀድማ ትደርሳለች።

«ቀዳዳዋማ ዋናዋ ናት! ቀዳዳ የሌለው ቀንድ ዛሬ ማን ይይዛል?» አለ ዝንጀሮ። ከዚያ ጃርትን ከላይ እስከ ታች አያት። «ውይ የኔ እህት! አሁንም ይቺን ነው ያንጠለጠልሽው?»

«ባለፈው ሳምንት እኮ ነው የሸጡልኝ!»

«ባለፈው ሳምንት? በይ እንግዲህ አረጀ በይኛ!»

ሚዳቋ ኪኪኪ አለች። ገበያው ተቀበላት፤ «አረጀ! አረጀ!»

ጃርት ቀንዷን አየችው። ጠዋት ደረቷን ያስነፋት ቀንድ ነው። አልተሰነጠቀም፣ ድምፁ አልጠፋም። ግን አፈረችበት፣ በክንዷም ሸፈነችው።

«አሮጌውን መልሺልኝ፣ አንድ እፍኝ እሾህ ጨምሪ፣ አዲሱን ውሰጂ» አላት ዝንጀሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሌላ ሰው እንዲህ አላደርግም።»

ነቅላ ሰጠችው።

በሳምንቱ ሁለት ቀዳዳ ያለው መጣ። «አዲሱን ያላየ፣ ምን አየ!» የጃርት አንድ ቀዳዳ ነው፤ «አረጀ! አረጀ!» ነቅላ ሰጠች። ቀጥሎ ሦስት ቀዳዳ ያለው፣ ዛጎል የታሰረበት መጣ። የጃርት ሁለት ነው፤ «አረጀ! አረጀ!» ነቅላ ሰጠች። ቀዳዳው እየበዛ በሄደ ቁጥር የጃርት ጀርባ እየሳሳ መጣ። «በእጅሽ ይለቅ» የሚላትም ጠፋ። ማን ይላታል? እጇ ላይ ሳይሞቅ ሌላ ይመጣል!

አንድ ቀን እማማ ኤሊ መንገድ ላይ አገኟት።

«ልጄ፣ ያ የመጀመሪያው ቀንድሽ ምን ሆነ?»

«አረጀ፣ እማማ።»

«ሲያረጅ አየሽ ወይስ ሲባል ሰማሽ?»

ጃርት ተናደደች። «እርስዎ ደግሞ ምን ያውቃሉ! ከተወለዱ ጀምሮ ያንኑ አንድ ድንጋይ ተሸክመው!»

«እውነትሽን ነው» አሉ እማማ ኤሊ ሳይቀየሙ። «አላለቀምና።» ብለውም ቀስ እያሉ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አመሻሹ ላይ ጃርት ሥር እየቆፈረች ሳለ ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰ። አያ ጅቦ! ጃርት እሾኋን ላንሿሿ ብላ ጀርባዋን ነፋች። ምን ይንሿሿ! ባዶ ጀርባ። ፈጥና ባለ ሦስት ቀዳዳውን ቀንድ አነሳችና ነፋችው፤ «ፍፍፍፍ…» ትንፋሿ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ቀረ። ማዶ ጭጭ ነው። እህቷ አልሰማችም። ጃርት በሕይወቷ እንደዚያ ደንግጣ አታውቅም።

አያ ጅቦ መሬት ላይ እስኪንከባለል ሳቀ።

«አይዞሽ፣ ዛሬ አልበላሽም» አላት። «ጅራትሽ ላይ ገና ትንሽ ቀርታለች፤ ላንቃዬን ትወጋኛለች። ባለ አራት ቀዳዳው ይምጣና ያኔ እንገናኛለን።» እየተጎማለለ ሄደ።

ጃርት ጉድጓዷ ገብታ ቁጭ አለች። አንድ ነገር ቆረቆራት። «አያ ጅቦ ገበያ አይወጣም። ባለ አራት ቀዳዳ እንደሚመጣ በምን አወቀ?» ስትጨነቅ ደግሞ አመሏን ታውቃላችሁ፤ ሳታስበው ቀንዱን አፏ ውስጥ ከትታ ልትፈቀፍቅ ስትል፣ ጥርሷ ተንሸራቶ አንድ ጭረት ውስጥ ገጠመ። ልክክ አለ። አወጣችው፣ በውኃ አጥባ ቀዩን አፈር አስለቀቀችው። የገዛ ጥርሷ ምልክት ነው!

«የኔው!» አለች። «ያንኑ የመለስኩለትን ቀንዴን ነው በስቶ፣ አፈር ቀብቶ፣ በገዛ እሾኼ መልሶ የሸጠልኝ!» ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣባት። በሬ ቀንዱን ነቅሎ ለዝንጀሮ አይሰጥም። በሬ የሚበላና ቀንድ የሚተርፈው ማን ነው? አያ ጅቦ! ቀንዱ ከጅብ፣ ሽያጩ ከዝንጀሮ፣ ሥጋው ከጃርት።

አላለቀሰችም። ንዴቷ ለልቅሶ ጊዜ አልሰጣትም። ወንዝ ወርዳ ጥቁር ጭቃ አመጣች፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈነች፣ ዛጎሉን በጥሳ ጣለች፣ ቀንዱን ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

የገበያው ቀን ደረሰ። ዝንጀሮ ድንጋዩ ላይ ቆሟል፣ የሰበሰበው እሾህ የሞላበት ስልቻ እግሩ ሥር ነው።

«አዲሱን ያላየ፣ ምን አየ! ጃርት፣ ነይ ነይ፣ ባለ አራት ቀዳዳውን ላንቺ ደብቄ ነው ያቆየሁት። የጅራትሽን እሾህ ብቻ ስጪኝ፣ ይበቃኛል።»

«አልሰጥህም።»

ገበያው ሁሉ ዞሮ አያት። «እርስዎ» የት ሄደች? ነጋድራስን አንተ አለችው!

«ም… ምን አልሽ?»

«አልሰጥህም አልኩህ፣ አንተ ዝንጀሮ!»

ዝንጀሮ ወደ ገበያው ዞረና ሳቀ። «እዩልኝማ! ጭቃ የተለጠፈበት ቀንድ ይዛ! ያንቺ እኮ አረጀ!»

«አረጀ! አረጀ!» አለ ገበያው እንደለመደው።

«አላለቀም!» አለች ጃርት።

«ሚዳቋ እንኳ ባለ አራቱን ይዛለች!»

«ትያዝ! የኔ አላለቀም!»

«ሰው ይስቅብሻል!»

«ይሳቃ! ጥርሱ እስኪረግፍ ይሳቅ! እማማ ኤሊ በእጅሽ ይለቅ ብለው መርቀውኛል፣ እኔም አሜን ብያለሁ። የእናት ምርቃት በዝንጀሮ ጩኸት አይፈርስም! አረጀ የምትሉኝ ሁሉ ኑና ያለቀበትን ቦታ በጣታችሁ አሳዩኝ!»

ማንም አልመጣም። ጃርት የቀንዱን አፍ ገልብጣ ለሁሉም አሳየች። «ይሄ የማን ጥርስ ነው? የኔ! መጀመሪያ የገዛሁት ይሄው ነው፣ መጨረሻ የገዛሁትም ይሄው ነው! እናንተም እጠቡና እዩ!»

ሚዳቋ ባለ አራት ቀዳዳዋን በምራቋ አሸት አሸት አደረገችው። ቀዩ አፈር ሲለቅ፣ ድሮ ገመዷን የምታስርበት ቦታ ተፈግፍጎ ብቅ አለ። ጆሮዋ ወደቀ። «የኔም… የኔው ነው» አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ።

ገበያው ማጉረምረም ጀመረ። ዝንጀሮ መውጫ ሲያጣ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፏጨ።

«አያ ጅቦ! እሾኋ አልቋል፣ ና!»

አያ ጅቦ ከገበያው ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ዘሎ ወጣ። ገበያተኛው ተበተነ፤ ቆቁም ጥንቸሉም እግሬ አውጪኝ አለ። ጃርት ግን አልሸሸችም።

«አላለቀም!» ብላ ቀንዷን ወደ ማዶ አዞረችና ነፋችው።

«ቡኡኡኡኡኡ!»

ገደሉ አስተጋባ። ጭቃው ያዘ፣ ትንፋሿም አልባከነም። አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ሲመጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ኋላ ተንደረደረችበት። ያቺ «ትንሽ ቀርታለች» ያላት የጅራቷ እሾህ አፍንጫው ላይ ተሰካች። «ዋይ!» ብሎ እስኪነቅላት ድረስ ማዶዎቹ የገደሉን አቋራጭ መንገድ ወርደው ወጡ። እህቷ ከፊት፣ ዘመድ አዝማድ ከኋላ፣ እሾሁ ሁሉ ቆሞ እየተንሿሿ! አያ ጅቦ አፍንጫውን እንደያዘ ጫካውን ሰንጥቆ ሄደ፤ በዚያ በኩል ዳግመኛ አልታየም።

ዝንጀሮስ? በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ስልቻውን አልተወም። አንጠልጥሎት ዛፍ ላይ ወጣ፣ ስልቻውን ቅርንጫፉ ላይ አስቀመጠ፣ «እፎይ» ብሎ… ላዩ ላይ ቁጭ አለ። ኡኡታው ቆላ ድረስ ተሰማ። የዝንጀሮ ቂጥ ቀይ የሆነው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። እስከ ዛሬ ሳያረጅ የቆየለት አዲስ ነገር እሱ ብቻ ነው!

ጃርት እሾኋ ቀስ በቀስ መልሶ በቀለ። ቀንዷን አልለወጠችም። ከእህቷ ጋር ጠዋት በእሱ ሰላም ተባባሉ፣ ክፉ ቀን በእሱ ተጠራሩ፣ የልጅ ልጆቿን በእሱ ከጨዋታ ጠራችበት። እሷም እየፈቀፈቀችው፣ እየፈቀፈቀችው፣ ካረጀች በኋላ አንድ ቀን ቁራጯ ብቻ እጇ ላይ ቀረች። ይዛት እማማ ኤሊ ዘንድ ሄደች።

«እማማ፣ አለቀ።»

እማማ ኤሊ አንገታቸውን አወጡ፣ ቁራጯን አዩ፣ ፊታቸው በራ።

«አሜን» አሉ።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን ተዉትና ስልካችሁን አብሱ። ቃልአብ፣ ያንተም በእጅህ ይለቅ! ምን ታየኛለህ፣ «አሜን» በል እንጂ! ገበያው «አረጀ» እያለ ሲጮህብህ ደግሞ አባቶች ያሉትን አትርሳ፤

ሻጭ «አረጀ» ቢል፣ ባለቤት «አላለቀም» ይበል።