ከጉንጭ ላይ የሚለካ ብርሃን

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ቆይ፣ አትቁነጥነጥ አስናቀ፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «እናቴን ከገጠር አምጥቼ ቪላ ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ሠራተኛ ቀጠርኩላት፤ ታዲያ ምን ጎድሎባት ነው የምታለቅሰው?» አይደል ያልከኝ? መልሱ እዚሁ ውስጥ ነውና ቁጭ ብለህ ስማኝ።

ይህ ሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ፣ ፎቶ ቤት ነበረው። ዘመኑ የፊልም ዘመን ነው፤ ፊልሙ ታጥቦ እስኪታተም ድረስ ምን እንደወጣ አይታወቅም። ሰውየው ግን እጁ የተባረከ ነበር፤ በተለይ ደጅ ላይ ሲያነሳ የሚያህለው አልነበረም። በበዓል ቀን አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲወጣ፣ ካሜራ ነጩን ያይና ብርሃኑ የበዛ ይመስለዋል፤ ዓይኑን ያጠብባል፤ የለባሹ ፊት ይጨልማል። ይህን ስለሚያውቅ፣ ሰው ባቆመ ቁጥር ፊቱ ድረስ ይሄዳል፤ ካሜራውን አስጠግቶ ብርሃኑን ከጉንጩ ላይ ይለካል፤ ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ ያነሳል። «ይሄ ሰው ሊስመን ነው እንዴ የሚጠጋን?» እያሉ ይስቁበት ነበር። ይሳቁ! ፎቷቸው ሲመጣ የእያንዳንዱ ሰው ዓይን ከነብሌኑ ይታያል።

እናት ነበረችው። እሷ ግን አንድም ፎቶ የላትም። «እኔንስ መቼ ታነሳኛለህ?» ባለችው ቁጥር፣ «አንቺ የት ትሄጃለሽ እማዬ፣ ሥራው ቀለል ይበልልኝ» ይላታል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አይደል የሚባለው!

አንድ ዓመት፣ በጥምቀት ማግስት፣ እሱ ያሠራላትን ቀሚስና ነጠላ ለብሳ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጣች። ተነሺው በሩ ላይ ተኮልኩሏል። ሰውየው ከፎቶ ቤቱ ጀርባ አዲስ ቤት ሠርቶ ነበር፤ ግድግዳው በኖራ የነጣ፣ ቆርቆሮው ገና የሚያብረቀርቅ። ቤቱ እንዲታይለት ብሎ ከፊት ለፊቱ አቆማት። ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ነበረች።

«ልጄ፣ ፀሐይዋ ከጀርባዬ ናት እኮ። ፊቴ ይወጣል?» አለችው።

«መሣሪያው ያውቃል እማዬ፤ ዝም ብለሽ ቁሚ።»

ለባዕዱ ሁሉ የሚራመደውን አሥር እርምጃ ለእናቱ ሰሰተ። ከቆመበት ሆኖ አንዴ አነሳትና ወደ ደንበኞቹ ተመለሰ። እሷም መርቃው ሄደች።

በሳምንቱ ድንገት ታማ፣ ሁለት ቀን ሳትተኛ አረፈች። ፊልሙ ገና አልታጠበም ነበር።

በዚያ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይያዛል። አልቃሽ ከፍ አድርጋ ይዛው በሐዘንተኛው መካከል ትዞራለች፤ ሰውም እያየው እንባውን ያወርዳል። እህቱ፣ «ፎቶዋን አምጣ እንጂ! አንተ አይደለህ ፎቶ አንሺው?» አለችው። ሮጦ ጨለማ ክፍሉ ገባ፤ ፊልሙን አጥቦ አተመ። ወይ ጉድ! የነጠላዋ ጥለት ክሩ ይቆጠራል። የቆርቆሮው ሸንተረር አንድ በአንድ ይታያል። ፊቷ ብቻ ከሰል መስሏል። አፍክቶ ለማተም ደጋግሞ ሞከረ፤ ግን ፊልሙ ያልያዘውን ወረቀቱ ከየት ያምጣው?

ሌላ ፎቶ የለምና እሱኑ ይዞ ወጣ። አልቃሿ ተቀበለችው፤ ስለ ሟቿ ዓይን ልትገጥም አፏን ከፍታ ፎቶውን ስታይ ግጥሙ ጠፋባት። እህቱ ነጠቀቻት፤ ቆሻሻ መስሏት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ወደ ፀሐይ አዘነበለችው።

«ቤትህን ነው እንዴ ያነሳኸው? እናቴ የታለች?» አለችው።

ምን ይበላት? ደረቱን እየደቃ «አሥር እርምጃ! አሥር እርምጃ ብቻ!» እያለ አለቀሰ፤ ለቀስተኛው ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ከዓመት ዓመት የእናቱ መልክ ከልቡ እየደበዘዘበት ሄደ፤ የሚመለከተው ምንም አልነበረውም። ይህ ከሞቷ ይልቅ አንገበገበው።

እንግዲህ አስናቀ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። አትቆጣ። ቪላህን አይቼዋለሁ፤ እሰየው ያሰኛል። ግን የእናትህን ደኅንነት ከምኑ ላይ ነው የምትለካው? ከወለሉ፣ ከመጋረጃው፣ ከሠራተኛዋ ላይ ነው። እሱ ሁሉ ያበራልህና «ምን ጎደላት?» ትላለህ። የሚያበራው ግን ያንተ ቤት ነው፤ የእሷ ፊት አይደለም። ለምን እንደምታለቅስ እኔን ለመጠየቅ ከተማውን አቋርጠህ መጣህ፤ እሷን ራሷን ጠይቀሃት ታውቃለህ? የዚያ ሰው እናት ዳግም አትነሳም፤ ያንተዋ ግን አሁን በዚህ ሰዓት በሕይወት ቁጭ ብላለች። በል ተነስ፤ ሻዩን ተወው። ሂድና አጠገቧ ተቀመጥ፤ ፊቷን እያየህ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» በላት።