ሁሉም እስኪስማማ

አንድ የአገር ሽማግሌ ነበሩ፤ ስማቸው አያ ልየው ይባላል። በተራራ ሥር በተቆረቆረች አንዲት መንደር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉባኤ መርተዋል። የሚታወቁበት አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ ሁሉም ሳይስማማ ነገር አይቆርጡም። «ቅር ብሎት የሄደ ሰው ካለ ነገሩ ገና አላለቀም» ይሉ ነበር። በዚህ ትዕግሥታቸው ብዙ ደም አድርቀዋል፣ ብዙ የተፋቱ ባልና ሚስት መልሰዋል። ከወንዝ ማዶ ሳይቀር ሰው እየመጣ ዳኝነት ይጠይቃቸዋል። ይህን ስማቸውን በጣም ይወዱት ነበር፤ መውደዳቸውን ግን ለራሳቸውም አልነገሩም።

በእርሳቸው ዘመን የአገሩ ሰማይ ጠባዩን ለወጠ። በልጉ በመጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ አነሰ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ክረምቱም እንደ ድሮው በሰኔ ገብቶ ቀስ እያለ መሬቱን አያረሰርስም፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ጠብ ሳይል ይሰነብትና በአንድ ከሰዓት የወር ዝናብ ያወርዳል። ከመንደሩ በላይ ያለው ተራራ ደግሞ ዛፉ ለማገዶና ለከሰል እየተቆረጠ ተራቁቶ ነበር። ከተራራው የሚወርደው ፈፋ አፉ ላይ አሥራ አንድ ቤቶች አሉ። በየክረምቱ ውሃው ወደ ቤቶቹ ትንሽ ትንሽ ይጠጋል።

ነገሩን መጀመሪያ ወደ ጉባኤ ያመጣው እንዳላማው የሚባል ንብ አርቢ ነው። ተነሥቶ እንዲህ አለ፤ «እኔ አበባ የሚፈካበትን ወር ከማንም በፊት አውቃለሁ፤ ንቦቼ ይነግሩኛል። ስድስት ዓመት ሆነው አበባውም ወሩን ከሳተ። ዝናቡ እንደ ድሮው አይመለስም። ተራራውን እንከልለው፤ እርከን እንሥራ፤ ፈፋው አፍ ላይ ያሉት ቤቶች ወደ ላይ ሰፈር ይነሡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ገረመው ተነሣ። ገረመው ከሰል አክሳይ ነው፤ አምስት ልጆች አሉት፤ የሚያርሰው መሬት ስለሌለው የሚኖረው ከተራራው ነው። «አባቶቻችንም ድርቅ አይተዋል፣ ጎርፍም አይተዋል» አለ። «ሰማይ መቼ ቃል ገብቶልን ያውቃል? ደግሞስ ከተራራው ማዶ ያሉት በቀን መቶ ጭነት ከሰል ያወርዳሉ። እኔ የምጭነው አንዲት አህያ ነው። እነሱ ሳይነኩ እኔ ብቻዬን ስለምን እራባለሁ?»

አያ ልየው ሁለቱንም በጥሞና ሰሙ። ከዚያም «ነገሩ ከባድ ነው። ሁላችንም እናስብበት፤ ከመስቀል በኋላ እንገናኝ» አሉ።

ከመስቀል በኋላ ተገናኙ፤ አልተስማሙም። አዝመራው ይሰብሰብ ተባለ። አዝመራው ተሰበሰበ፤ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። እንዲህ እየተባለ አራት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። «ሰማዩ ተለውጧል» የሚሉት በአንድ ወገን፣ «ሰማዩ ያው ነው» የሚሉት በሌላ ወገን ሆኑ። ጽዋ አብረው የሚጠጡ ማኅበርተኞች ተለያዩ። ሁለት የታጩ ልጆች ሰርጋቸው ቀረ። የእንዳላማው ወገኖች ገረመውን «አገር አጥፊ» ይሉታል፤ የገረመው ወገኖች እንዳላማውን «ሟርተኛ» ይሉታል። ስለ ዝናቡ ማሰብ ቀረ፤ ሰው ሁሉ የተናጋሪውን ቃል ሳይሆን የተቀመጠበትን ጎን እያየ መልስ መስጠት ለመደ።

አያ ልየው ግን እውነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ያውቁ ነበር። በእርሻቸው ዳር፣ ከአያታቸው ጀምሮ የማይደርቅ ምንጭ ነበራቸው። ክርክሩ በተጀመረ በዓመቱ ምንጩ ደረቀ። አንድ ጠዋት ለብቻቸው ሄደው የደረቀውን ጭቃ በበትራቸው ጫሩት፤ ከሥሩም ደረቅ ነበር። ለማንም ሳይናገሩ ተመለሱ። ዳኛ ወገን ከያዘ ማን ይሰማዋል ብለው ራሳቸውን አሳመኑ።

ከአሥራ አንዱ ቤቶች በአንዱ ታናሽ እህታቸው ጥሩአየር ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት ናት፤ ጥጥ ፈትላ ነው የምትተዳደረው። እናትና አባታቸው በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት አያ ልየው ናቸው። በአራተኛው ዓመት፣ በግንቦት፣ ቤታቸው መጣች። ተቀምጣ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየችና፣

«አያ፣ አምና ውሃው ጓሮዬ ገብቶ ዶሮዎቼን ወሰደ» አለች። «የባሌ ወንድም ላይ ሰፈር ቦታ እሰጥሻለሁ ብሎኛል። ልነሣ ወይስ ልቀመጥ?»

 ልነሣ ማለቷ ልክ እንደሆነ የአያ ልየው ልብ ያውቃል። ነገር ግን የእርሳቸው እህት ከተነሣች መንደሩ ምን እንደሚል ታያቸው።

«አንቺ ብትነሺ ልየው ለእነ እንዳላማው አደላ ይሉኛል» አሉ በመጨረሻ። «ያኔ ጉባኤው ይፈርሳል። እስኪወሰን ታገሺ።»

«መቼ ይወሰናል?»

«ሁሉም ሲስማማ ነዋ።»

 «እሺ፤ አንተ ካልክ» አለች ጥሩአየር፤ ተነሥታም ሄደች። በሕይወቷ ቃላቸውን አፍርሳ አታውቅም።

በነሐሴ፣ ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጉባኤው እንደገና ተሰበሰበ። መንደሩ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ተራራው ጫፍ ግን ጠቁሯል። ክርክሩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ተለመደው ሲካሄድ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ከላይ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ከባድ ነገር መሬት ላይ የሚጎተት ይመስላል።

«ነጎድጓድ ነው» አለ ከገረመው ጎን አንዱ።

«ነጎድጓድ እንዲህ አይረዝምም» አለ ከእንዳላማው ጎን ሌላው።

በዚህም ተከራከሩ። ከዚያ ሁሉም ዘወር ብለው አያ ልየውን አዩዋቸው። አያ ልየው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ድምፁ ምን እንደሆነ ለይተው አውቀውታል። ከአፋቸው የወጣው ግን የለመደባቸው ቃል ነው።

«እስቲ ሰው ልከን እናጣራ» አሉ።

የተላከው ሰው የጉባኤውን ሜዳ ሳያቋርጥ ከፈፋው በኩል ኡኡታ ተሰማ።

ጎርፉ ከአሥራ አንዱ ቤቶች ሰባቱን ወሰደ። አብዛኛው ሰው ጉባኤ ላይ ስለነበር ተረፈ። አራት ሰዎች ሞቱ። ከአራቱ አንዷ ጥሩአየር ነበረች። አስከሬኗን ያገኘው ገረመው ነው። እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ከታች ከወንዙ መታጠፊያ አውጥቶ፣ ያን ሁሉ ዳገት በጀርባው ተሸክሞ አመጣት። አያ ልየው ደጅ አስቀመጣት። እርሳቸው በጭቃ የተለወሰ ነጠላዋን በእጃቸው ሊያጸዱ ሲታገሉ አመሹ።

የቀብሩ ዕለት አፈሩ ገና ሳይመለስ ማጉረምረም ተጀመረ። «አላልንም ነበር?» አለ አንዱ ወገን። «አንድ ቀን ጎርፍ መጣ ተብሎ ሰማይ ተለወጠ አይባልም» አለ ሌላው። ድምፁ ከፍ እያለ ሲሄድ አያ ልየው በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ሰዉ ጸጥ አለ። ማን ልክ እንደነበረ ዛሬ ይፈርዳሉ ብሎ ጠበቀ።

«ፍርድ እየጠበቃችሁ ነው፤ እሰጣለሁ» አሉ። «ውሃውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። እህቴ ግን በግንቦት መጥታ ልነሣ ወይ ብላኝ ነበር። ታገሺ አልኳት። እንዳላማው እውነቱን እንደያዘ ከሦስት ዓመት በፊት አውቄያለሁ፤ ምንጬ ደርቆ አይቻለሁ። ዝም ያልኩት ማንም እንዳይቀየመኝ ነው። ትዕግሥት ነው ትሉኝ ነበር። ፍርሃት ነበር።»

አያ ልየው በትራቸውን አጽንተው ቀጠሉ።

«ዳኝነቱን ዛሬ እለቃለሁ። ሳልለቅ ግን አንድ ነገር እቆርጣለሁ። የቀሩት አራት ቤቶች በዚህ ሳምንት ይነሣሉ። ተራራው ከመስቀል ጀምሮ የተከለለ ነው፤ ዛፍ አይቆረጥበትም። ከየቤቱ አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን እርከን ይሠራል። የማይስማማ እንዳለ አውቃለሁ። አለመስማማቱን ይያዝ፤ ሥራው ግን ይጀመራል።»

ገረመው ከኋላ ሆኖ ተናገረ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እኔስ አያ? ከሰሉን ስተው ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

«ደግ ጠየቅህ» አሉ አያ ልየው። «በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ የመለሰልህ ሰው አልነበረም። ወንዙ ዳር ካለኝ እርሻ እኩሌታው ያንተ ነው። ሽማግሌዎቹ ምስክር ይሁኑ።» ከዚያ ዘወር አሉ። «እንዳላማው፣ አንተስ? ልክ ነበርኩ ብለህ ልትቀመጥ ነው?»

እንዳላማው አንገቱን ደፋ። ገረመውን በየደረሰበት አገር አጥፊ ሲለው ኖሯል፤ ምን በልቶ እንደሚያድር ግን ጠይቆት አያውቅም። «አምስት ቀፎ እሰጠዋለሁ» አለ። «አያያዙንም እኔው አሳየዋለሁ።»

ገረመው ወደ ፊት ወጣ። «ሰማዩ ተለወጠ የምትሉትን አሁንም አላመንኩም» አለ። «ግን እትዬ ጥሩአየርን የተሸከምኳቸው እኔ ነኝ። እርከኑ በየት በኩል ይጀመር?»

ሥራው በማግሥቱ ተጀመረ። ሁሉም አልወጣም። በመጀመሪያው ዓመት የወጡት ከግማሽ ያንሳሉ። አያ ልየው ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ድንጋይ ያቀብሉ ነበር። ዝናቡ ወደ ድሮ ወሩ አልተመለሰም፤ ከዚያ ወዲህም ሁለት ጊዜ አዝመራ ከሽፏል። ከተራራው ማዶ ያሉት መቁረጣቸውን አላቆሙም፤ ብቻ በአምስተኛው ዓመት ከእነሱ ጥቂት ሰዎች መጥተው እርከኑን ዞረው አይተው፣ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቀው ሄዱ። በስድስተኛው ዓመት ያው ዓይነት ጎርፍ ከተራራው ተነሣ። እርከኑ ላይ እየተሰበረ ጉልበቱ ደከመ፤ መንደሩ ሲደርስ አንድ በረትና ጥቂት አጥር ወሰደ። ሰው አልነካም። ገረመውና እንዳላማው በየጉባኤው ስለ ሰማዩ ዛሬም ይከራከራሉ። ሲጨርሱ አብረው ቀፎ ሊያዩ ይወጣሉ።

ወገኖቼ፣ ክርክር አገር አያጠፋም፤ እንዲያውም ሰው የሚከራከረው አገሩ ስለምታሳስበው ነው። አገር የሚጠፋው ክርክሩ እስኪያልቅ እጅ ሲታጠፍ ነው። ጎርፍ የጉባኤ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ የተስማማውንና ያልተስማማውንም ለይቶ አይወስድም። እውነቱን የያዘም ቢሆን፣ ጎረቤቱን እንጀራህን ተው ከማለቱ በፊት በምን እንደሚያኖረው ያስብ። ከሁሉ ይልቅ ግን መሐል ተቀምጠን ሁሉን ስናስደስት የምንኖር ሰዎች እንጠንቀቅ፤ ዝምታችንን ጨዋነት ብለን ስም ብናወጣለትም ዋጋውን የሚከፍለው አምኖን የተቀመጠው ሰው ነው።

እርስዎስ፣ ልክነቱን ልብዎ እያወቀ፣ ሰው እንዳይቀየምዎ ብለው ያቆዩት ቃል የለም ይሆን?